የቤዙን ክር ማስጮኽ ችያለሁ፣ ዝም ማሰኘት አቅቶኛል፤ ከማን ልማር?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤዝ ጊታር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም፤ የማውቀውን ሁሉ የለቃቀምኩት ከቪዲዮ ነው። ጣቶቼ ሰነፍ አይደሉም። ሌባ ጣቴንና የመሃል ጣቴን እያፈራረቅኩ በደቂቃ 100 ምት ላይ፣ በአንድ ምት አራት ኖታ፣ ሳልደናቀፍ እጫወታለሁ። ስኬሎቹን አውቃቸዋለሁ፤ የኮርድ ዝርዝር ከሰጣችሁኝም ዘፈኑን ይዤ እሄዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን ከአንድ ድራመርና ከአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ጋር ስንለማመድ ስልኬን ጥግ ላይ አድርጌ ቀዳሁት። ቤት ገብቼ ሳዳምጠው ጭቃ ነው። ኖታዎቹ ልክ ናቸው፤ ምቱንም ብዙ አልሳትኩም። ነገር ግን አንዱ ኖታ ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል፤ ያልነካሁት ክር ከስር ያጉረመርማል፤ ድራሙ ቦታ ሲተው የእኔ ቤዝ ቦታውን ሞልቶ ይቀመጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ክር ማስጮኽ ስማር ኖሬ ዝም ማሰኘቱን ማንም አላሳየኝም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለየትኛው ቴክኒክ የትኛውን ተጫዋች ላዳምጥ? አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ እጄን አይቶ የሚያርመኝ ሰውስ በምን ዘዴ ይገኛል? በፒክ (ክር መምቻዋ ቁራጭ ፕላስቲክ) የሚጫወቱትን ግን አትጠቁሙኝ፤ ቤዝ በጣት ነው፣ ፒክ ከጊታር የኮበለሉ ሰዎች ምርኩዝ ነው።

ይህን ከጻፍኩ አራት ወር ሆነው። መልሱ በዝቶ፣ ክርክሩም ተወሳስቦ አዲስ የሚመጣ ሰው ከየት እንደሚጀምር ስለሚቸገር፣ የተባለውን በየመልሱ ቁጥር በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። (ክር ስል የጊታሩን ማለቴ ነው፤ የዚህን መድረክ ክር ውይይት እለዋለሁ፣ አለዚያ እንጠላለፋለን።) የመጨረሻዋን የፒክ ነገር ባልጨምር ኖሮ ውይይቱ ግማሽ ያህል ባጠረ ነበር።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ራሴን ቀድቼ በማዳመጤ አመስግኖኝ፣ በቀጥታ ወደ ቀኝ እጄ ገባ። አውራ ጣቴን የት እንደማሳርፍ ጠየቀና መልሴን ሳይጠብቅ ገመተው፤ ፒክአፑ (ከክሮቹ ስር ያለው፣ ድምፃቸውን የሚቀበለው ማግኔት) ላይ ተቸንክሮ እንደሚውል። ልክ ነበር። ቤዝ ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብሎ ይቃኛል። አውራ ጣት ፒክአፑ ላይ ከቀረ ጣቶቹ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ በሚሠሩበት ሰዓት ወፍራሞቹ ጠባቂ የላቸውም፤ ማንም ሳይነካቸው በእንጨቱ ንዝረት ብቻ ይነሳሉ። ያ ከስር የሰማሁት ማጉረምረም ይህ ነበር።

የሱ ዘዴ አውራ ጣት ከጣቶቹ ጋር እንዲጓዝ ነው። ኤ ላይ ስጫወት አውራ ጣቴ ኢ ላይ ያርፋል። ዲ ላይ ስሄድ ወደ ኤ ወርዶ በጎኑ ኢን ይነካል። ጂ ላይ ስደርስ እዚያው ኤ ላይ ይቆያል፤ ዲ የሚባለውን ክር ደግሞ ጂን የመታው ጣት ራሱ ተስቦ ሲያርፍበት ያፍነዋል። ከሚጫወቱበት ክር የሚቀጥኑት ደግሞ የግራ እጅ ድርሻ ናቸው፤ ሌባ ጣት ሳይጫን ዘርጋ ብሎ ይዳስሳቸዋል። ልምምዱም አጭር ነበር፤ በደቂቃ 50 ምት ከክር ወደ ክር እየተሻገሩ፣ የሚመቱትን ኖታ ትቶ ከመቱት በኋላ የቀረውን ድምፅ ብቻ ማዳመጥ። ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ከጀማሪነቴ ዘመን የባሰ ሆነብኝ፤ አውራ ጣቴ ቤቱን እንዳጣ ድመት ሲንከራተት ሰነበተ።

መልስ 2። አሥራ ሁለት ስም፣ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ። ከስሞቹ ሁለቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል።

መልስ 3። ይህኛው መልስ 2 ላይ እየቀለደ ጀመረና ስሞቹን ከእጅ ሥራ ጋር አገናኘልኝ። ለኖታ ርዝመት ጄምስ ጄመርሰንን አስቀደመ። በአሜሪካው የሞታውን ስቱዲዮ የተቀዱት የ1960ዎቹ ዘፈኖች ቤዝ በአብዛኛው የሱ ነው፤ ስሙ ግን እስከ 1971 ድረስ በሸክላዎቹ ላይ አይጻፍም ነበር። መጀመሪያ የቆመውን ትልቁን ቤዝ ተጫዋች እንደነበረና ቀኝ እጁን በሌባ ጣት ብቻ ይሠራ እንደነበር ጠቅሶ፣ የሱ ጊታር ጠፍጣፋ የተጠመጠመ ክርና በብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) ክዳን ስር ስፖንጅ ስለነበረው ኖታው ራሱ አጥሮ ይወጣ እንደነበር አስረዳ። ያ ማለት የኔን ችግር ግማሹን ዕቃው ይፈታለት ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ታወር ኦፍ ፓወር የሚባለውን ባንድ ቤዚስት ሮኮ ፕሬስቲያን ጠራ። የፕሬስቲያ ምስጢር በግራ እጁ ነው፤ አንዱ ጣት ኖታውን ሲጫን ሌሎቹ ክሮቹ ላይ ተጋድመው ስለሚያፍኑ ያ ሁሉ የተጠጋጋ አሥራ ስድስተኛ ኖታ (በአንድ ምት አራት) እንደ ከበሮ ደረቅ ብሎ ይሰማል። ጃኮ ፓስቶሪየስን ደግሞ ለኋላ እንዳቆየው መከረኝ፤ ጃኮ ጋ ሰው ሁሉ የሚሰማው ፍሬት (አንገቱ ላይ የሚደረደረው የብረት ዘንግ) የሌለውን አንገትና ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳይጫኑ በመዳሰስ የሚወጣውን ፉጨት መሳይ ድምፅ) ነው፣ ቀኝ እጁ ወደ ብሪጁ ተጠግቶ የሚሠራውን ለመስማት ግን ጆሮ መጀመሪያ መሠራት አለበት ባይ ነው።

በአንድ ተጫዋች ላይ ሦስት ወር ቆይ፣ አሥራ ሁለቱን አንድ ላይ አትያዝ የሚለው ምክሩን ወድጄዋለሁ። መጨረሻ ላይ ግራ እጅ ለአንድ ፍሬት አንድ ጣት መመደብ እንዳለበት፣ ከዚህ ውጭ ያለው ስንፍና መሆኑን ጣል አድርጎ ሄደ። ይህች ነገር ኋላ ዋጋ አስከፍላዋለች።

መልስ 4። እዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ ተለወጠ። ሰውዬው ሰላምታ አልሰጠም። ካሮል ኬይ የተባለች ሴት መኖሯን አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ኬይ የስቱዲዮ ጊታሪስት ነበረች፤ በ1963 አንድ ቀረጻ ላይ ቤዚስቱ ሳይመጣ ስለቀረ ቤዙን አንስታ ገባች፤ ከዚያ በኋላ በዘመኗ በጣም ከሚፈለጉት የስቱዲዮ ቤዚስቶች አንዷ ሆነች። የምትጫወተው በጠንካራ ፒክ ነው። ክሮቹን ብሪጁ አጠገብ በሱፍ ጨርቅ ታፍናቸው ስለነበር ኖታዎቿ ክብ ሆነው ይወጣሉ፣ በሰዓታቸውም ያበቃሉ። እንግዲህ ከጊታር የኮበለለች ማለት እሷ ናት አለና፣ ኖታን ማሳጠር አቅቶት የሚያለቅስ ሰው ኖታን በማሳጠር የታወቀችን ሴት ከዝርዝሩ አስቀድሞ ማስወጣቱ እንዳስገረመው ጻፈ።

ተናደድኩ። መልስ ልጽፍ ተነስቼም ነበር። ግን ቀረጻው እዚያው ስልኬ ውስጥ ነበረና ተውኩት።

መልስ 5 እና 6። አምስተኛው እኔን ሊከላከል መጣ፤ ፒክ የኖታውን መነሻ ያሾለዋል፣ ሥጋ የሚሰጠውን ሙቀት ግን አይሰጥም አለ። በልኩ የተነገረ ነገር ነው። ስድስተኛው ግን አምስተኛውን በመልስ 3 መታው፤ ቤዝ በሁለት ጣት ነው ከተባለ በአንድ ጣት የተጫወተው ጄመርሰን ግማሽ ቤዚስት ሊባል ነው ወይ ብሎ። አምስተኛው አልተመለሰም።

መልስ 7። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ጽፎ ሄደ። ሁሉም ውይይት ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም።

መልስ 8። ይህ ሰው ቤዚስት እንዳልሆነ፣ ድራመር እንደሆነ ቀድሞ ተናገረ፤ ለዚህም ይመስለኛል መልሱ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ። ከቤዚስት ጋር ሲጫወት ጣት አያይም፤ የሚጠብቀው ኖታው የሚያበቃበትን ቦታ ነው። ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ሲመታ ቤዙ አብሮት ከተነሳ ደህና፤ ስኔሩ (በዱላ የሚመታው ጩኸታም ከበሮ) ሲመታ ግን ቤዙ እየጮኸ ከሆነ ስኔሩ ፊቱ ላይ ጨርቅ እንደተጣለበት ሰው ይሆናል። ስለዚህ ቀላል ልምምድ ሰጠኝ። አንድ ኖታ ብቻ፣ ምት 1 ላይ ጀምሮ፣ ምት 2 ላይ ስኔሩ በሚነካበት ቅጽበት ማቆም። ቀድሞ ማቆም አይፈቀድም፤ ዘግይቶም። ይህን አሥር ደቂቃ ሳይሰለች የሚሠራ ቤዚስት ካገኘ አብሮት ለመጫወት በእግሩ እንደሚመጣ ጻፈ።

ሁለተኛውን ጥያቄዬንም ከሌሎቹ ቀድሞ የነካው እሱ ነው። ጥሩ ቤዚስት ፍለጋ ቤዚስቶችን አትጠይቅ፣ ድራመሮችን ጠይቅ ባይ ነው። ቤዚስት የሚያደንቀውን ይነግርሃል፤ ድራመር ግን አብሮ ሲቀመጥ ትከሻው የሚቀለውን ሰው ያውቃል። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም።

መልስ 9። መልስ 8ን በአክብሮት አረመው። የስኔሩ ሕግ ለሁሉም ሙዚቃ እንደማይሠራ፣ ዋን ድሮፕ በሚባለው የሬጌ ምት ከበሮው ራሱ ምት 1ን ባዶ ትቶ ምት 3 ላይ እንደሚወርድ አስታወሰ። የቦብ ማርሊ ባንድ የዌይለርስ ቤዚስት አስተን ባሬት ሐረጉን ዘፍኖ የሚጨርስ ያህል ይዘረጋውና ከዚያ በኋላ ድፍን ዝምታ ይተዋል፤ ሰው የሚወዛወዘው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። በዝግታ በሚሄድ ዘፈንም ኖታው ስኔሩን አልፎ እስከሚቀጥለው ኮርድ ቢደርስ ነውር የለውም። ድራመሩ ተመልሶ መጥቶ ተስማማ፤ ሕግ ሳይሆን ልምምድ መስጠቱ እንደነበር ጨመረ። ይህን ያህል በጨዋነት የተካሄደ ሌላ ልውውጥ በውይይቱ ውስጥ የለም።

መልስ 10። ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ግን ጠቃሚ። ጀማሪዎች ቤዝ በጆሮ መልቀም የሚያቅታቸው ጆሯቸው ደካማ ስለሆነ ብቻ እንዳልሆነ ገለጸ። የኢ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ሄርዝ ገደማ ነው፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ያንን ሊያወጣ አይችልም። የምንሰማው በላዩ ያሉትን ሃርሞኒኮች ነው፤ የጎደለውን መሠረት አእምሯችን ራሱ ይሞላዋል። መፍትሔው በጆሮ ማዳመጫ መስማት፣ ሲያስቸግርም ቀረጻውን በሶፍትዌር አንድ ኦክታቭ ከፍ ማድረግ ነው። የተደበቀው ቤዝ ጊታር መስሎ ከፊት ይቀመጣል። ሞከርኩት። ለሁለት ዓመት በስህተት ስጫወተው የኖርኩትን አንድ መሸጋገሪያ ሐረግ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አገኘሁት፤ ደስታዬንና እፍረቴን መለየት አቃተኝ።

ከመልስ 11 እስከ 12 ባለ አምስት ክር ቤዝ ያስፈልጋል አያስፈልግም ተብሎ ተከራከሩ። የቢ ክር ወደ 31 ሄርዝ ይወርዳል፤ አንዱ ያንን ድምፅ በሆዱ እንጂ በጆሮው እንደማይሰማው ጻፈ፣ ሌላው ሆዱን እንዲመረመር መከረው። እንለፈው።

መልስ 13። አሁን ወደ ጋሼ መጣን። ስማቸውን አልጻፉም፤ ሁሉም ከዚያ በኋላ ጋሼ ነው ያላቸው። አርባ ዓመት እንደተጫወቱ፣ እዚህ መድረክ ላይ ሲጽፉ የመጀመሪያቸው እንደሆነ፣ የፊደል ስህተት ካለ ይቅርታ እንዲደረግላቸው ጠይቀው ጀመሩ። አንድም ስህተት አልነበረም።

እሳቸው ሲማሩ አስተማሪ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የሚያደንቁት አንድ ቤዚስት ነበር፤ ሰውዬው ማስተማር አይወድም፤ ሲጠየቅ ይስቃል እንጂ አያሳይም። እሳቸውም አምፑን (የቤዙን ድምፅ ማጉያ) ልሸከምልህ አሉት። እሺ አለ። ሁለት ዓመት አምፕ ተሸከሙ፣ ኬብል ጠቀለሉ፣ ቤዙን ቃኙ። አንድ ቀን እንኳ ትምህርት የሚባል አልተሰጣቸውም። ግን ዕቃ ተሸካሚ የሚቆመው ከተመልካቹ ጋር ሳይሆን ከመድረኩ በስተኋላ ነው፤ ከዚያ ሆነው ከፊት የማይታየውን አዩ።

መጀመሪያ ያዩት የግራ እጁን አውራ ጣት ነው። እሳቸው አንገቱን እንደ መዶሻ እጀታ ጨምድደው ይይዙ ነበር፤ የሰውዬው አውራ ጣት ግን አንገቱን ነካ ብቻ ያደርጋል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይለቀዋል። ክሩን የሚጫነው ኃይል ከመቆንጠጥ ሳይሆን ከክንዱ ክብደት ይመጣ ነበር። ቀጥሎ ያዩት ዓይኑ የት እንዳለ ነው፤ በዘፈኑ ሁሉ ከድራመሩ ቀኝ እግር አይነቀልም። ሦስተኛው የኔን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰው ነው። ኖታ ሲያበቃ ሰውዬው ጣቱን ከክሩ ላይ አያነሳም። ግፊቱን ብቻ ይለቃል፤ ክሩ ከፍሬቱ ይነሳል፣ ጣቱ ግን ክሩ ላይ እንደተኛ ይቀራል። ጣቱን ጨርሶ ቢያነሳው ባዶው ክር ይጮኻል፤ ለቆ ከተኛበት ግን ድምፁ እንደ ሻማ እፍ ይላል። ባዶ ክር ሲመታ ደግሞ የሚጫነው ነገር ስለሌለ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ጎን ለጎን ያስተኛበታል፤ አንድ ጣት ብቻ ካረፈበት ቦታው ሃርሞኒክ ላይ ሊገጥምና ክሩ በፉጨት ሊመልስ ይችላል።

ቪዲዮ መጥፎ ነው አላሉም። ካሜራው ግን ሁልጊዜ ከፊት እንደሚቆም፣ ቀኝ እጅንና ፊትን እንደሚወድ፣ የአንገቱን ጀርባ እንደማያሳይ ጻፉ። የሚያስተምረኝ ሰው ሳገኝ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ከኋላው ትንሽ ወደ ግራ እንድቀመጥ መከሩኝ። ሰውን ስጠይቅም አስተምረኝ እንዳልል አሳሰቡ፤ አስተምረኝ ማለት ለሚጠየቀው ሰው ስንት ሰዓት እንደሚወስድበት የማያውቀው ሸክም ነው። አንዲት ጠባብ ጥያቄ ይዘህ ሂድ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ዕቃው ሲነሳ ጠይቅ፤ ከጨዋታ በፊት ግን አትቅረበው፣ በዚያ ሰዓት ሰው በጭንቅላቱ ውስጥ ዘፈኖቹን እየቆጠረ ነው።

መልስ 14። ይህኛው ጋሼን ተጋፋቸው። ሁለት ዓመት ያለ ክፍያ ሸክም መሸከም ትምህርት ሳይሆን ጉልበት መበዝበዝ እንደሆነ፣ ዕውቀትን የሚደብቅ ሰውን በትዝታ ማሞገስ ወጣቱን እንደሚጎዳ፣ ለትምህርት መክፈልና በሰዓቱ መማር የሁለቱንም ክብር እንደሚጠብቅ ጻፈ። ቃሉ ከረር ያለ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ውሸት አይደለም።

መልስ 15። ጋሼ አልተቆጡም። ልጄ ብለው ጀምረው ግማሹን ተቀበሉት። እሳቸው ዛሬ ዕቃ ለሚያነሳላቸው ልጅ እንደሚከፍሉ፣ ለሚጠይቃቸውም ቤዙን አቅርበው እንደሚያሳዩ ነገሩት። ያ ሰው ግን በታመመ ጊዜ ባንዱ ማን ይተካህ ሲለው የጠራው አምፕ ተሸካሚውን እንደነበር ጨመሩ፤ ዘፈኖቹን በሙሉ ከነማለቂያቸው የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። አሥራ አራተኛው እጅ የመንሳት ምልክት አድርጎ ዝም አለ።

መልስ 16። ስምንት ዓመት የተጫወተች ሴት ናት፤ መልስ 3ን ለማረም እንደመጣች በግልጽ ተናገረች። በተለመደው ባለ 34 ኢንች ቤዝ ላይ ከ1ኛው ፍሬት እስከ 4ኛው ያለው ርቀት 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከ13ኛው እስከ 16ኛው ያለው ግን የዚያ ልክ ግማሽ። ለአንድ ፍሬት አንድ ጣት የሚለው ደንብ እላይ፣ ጠባቦቹ ፍሬቶች ላይ፣ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ታች ሰፋፊዎቹ ላይ ትንሽ እጅ ላለው ሰው አንጓን አጣሞ መወጠር ማለት ነው። የቆመውን ቤዝ የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ከፈቱት ቆይተዋል፤ በፍራንዝ ሲማንድል ዘዴ ታች ባለው ቦታ የሚሠሩት ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና ትንሿ ጣት ናቸው፣ የቀለበት ጣት ትንሿን ይደግፋል። ሦስት ፍሬት ይይዙና ለአራተኛው እጁ ራሱ ይንሸራተታል።

እሷ ይህን ሳታውቅ በመጀመሪያ ዓመቷ በቀን ሦስት ሰዓት እየወጠረች የእጇ ጅማት ተቆጥቶ ሦስት ወር ቤዝ እንዳትነካ ተከልክላለች። የከለከላት ሐኪም ስለ ቤዝ ምንም አያውቅም ነበር፤ አንጓዋን አይቶ ብቻ ምን እንደምትሠራ ነገራት። ማንገቻውን ስትቀመጥም ስትቆምም ቤዙ በአንድ ከፍታ እንዲሆን ማሳጠሯ ከማንኛውም ቴክኒክ በላይ እንደጠቀማት፣ ዝቅ ያለ ቤዝ ለፎቶ እንጂ ለአንጓ እንደማይሆን ጻፈች።

መልስ 17 እና 18። አሥራ ሰባተኛው እጅ ይለጠጣል፣ ያላመመው አልተማረም የሚል ነገር ጻፈ፤ ሌላም ጨምሮ ነበር፣ እሱን አወያዩ አነሳው። እሷም ተመለሰች። እንደ ጎማ የሚለጠጥ ጅማት ካለው ለሳይንስ እንዲያበረክተው፣ እሷ ግን በሁለቱ ጤነኛ እጆቿ መጫወቷን እንደምትቀጥል ጻፈች። መልስ 3ን የጻፈውም በዚህ መሃል መጥቶ ስንፍና ያለውን ቃል መልሶ መውሰዱን ተናገረ። ይህን ያደረገ ብቸኛው ሰው እሱ ነው፤ እኔ እንኳ ያኔ ስለ ፒክ ያልኩትን ገና መልሼ አልወሰድኩም ነበር።

መልስ 19። የከፈለባቸውን ስድስት ትምህርቶች ያማረረ ሰው ነው። አስተማሪው በእያንዳንዱ ሰዓት ውስጥ አርባ ደቂቃ ራሱ ይጫወት ነበር፤ ፈጣን፣ የሚያምር፣ ለተማሪው ግን ከቪዲዮ የማይለይ። በስድስተኛው ቀን ተማሪው የቀዳውን ሊያሰማ ስልኩን ሲያወጣ ጊዜ የለንም ተባለ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አስተማሪ ሲሞክር የሚቆጥረው አንድ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እኔ ስንት ደቂቃ ተጫወትኩ፣ እሱ ስንት? በየሳምንቱ ከሚሄድ በወር አንድ ጊዜ ከቀረጻው ጋር ቢሄድ እንደሚመርጥም ጻፈ። ሦስት ሰዎች የራሳቸውን ተመሳሳይ ምሬት ከስሩ ለጠፉ። ያን ሳነብ እስካሁን አስተማሪ ባለመያዜ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ክፉ መጽናኛ ነው።

መልስ 20 እና 21። አንድ ልጅ መጥቶ ይህ ሁሉ ዝምታ አሰልቺ እንደሆነ፣ እሱ ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ መጫወት) መማር እንደሚፈልግ፣ አውራ ጣቱ ግን እንደቆሰለ ጻፈ። ሃያ አንደኛው በትዕግሥት መለሰለት። አውራ ጣት በክንድ ኃይል እንደማይወርድ፣ በር ለመክፈት እጀታ እንደሚዞር ክንዱ ዞር ብሎ ጣቱ የመጨረሻው ፍሬት አካባቢ ክሩን ነክቶ መንጠር እንዳለበት አስረዳው። ከዚያ የቤዚስቱን የላሪ ግሬሃምን ታሪክ አመጣ። ግሬሃም ከእናቱ ጋር ሲጫወት ጊታሪስት ነበር፤ የኦርጋኑ የእግር ቤዝ ሲበላሽ ቤዝ ተከራየ፤ ድራመሩም ሲሄድ በአውራ ጣቱ ኪኩን፣ በሌባ ጣቱ እየጎተተ ስኔሩን ይተካ ጀመር። የቤዝ ጊታር ስላፕ የተወለደው የጎደለ ድራመር ቦታ ለመሙላት ነው። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ መልስ 8ን እንዲሠራ መለሰው። ልጁ ተሳደበ ወይ ተስማማ ለማለት ያስቸግራል፤ የላከው የሳቅ ምልክት ብቻ ነው።

መልስ 22። ይሄ የራሴ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ ያደረግኩትን ጻፍኩ። አብሮኝ የሚለማመደውን ድራመር ከማን ጋር ስትጫወት ይቀልሃል ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና ሁለት ስም ሰጠኝ፤ አንዱንም ሰምቼው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው መልስ አልሰጠኝም። ለሁለተኛው አንዲት ጥያቄ ላክሁ፤ ባዶ ኤ ክር መትተህ ስኔሩ ላይ በምን ታቆመዋለህ? ከሦስት ቀን በኋላ ና ላሳይህ አለኝ። አሁን በወር አንድ ሰዓት እንገናኛለን፤ እከፍላለሁ፣ አምፑንም እሸከማለሁ። ከኋላው ወደ ግራ ነው የምቀመጠው። መጀመሪያ ወንበሩን እዚያ ሳስቀምጥ ግራ ገብቶት አይቶኝ ነበር፤ ምክንያቱን ስነግረው ሳቀና የራሱን ወንበር አዞረልኝ።

የመጀመሪያውን ሰዓት በሙሉ የተጫወትነው አንድ ኖታ ነው። ሁለተኛው ላይ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 30 አደረገው፤ አንዱ ጠቅታ የሙሉ አራት ምት ባር መጀመሪያ ብቻ እንዲሆን፣ ዘፈኑ 120 ላይ እንዲሄድ። በመሃል ያለውን ሁለት ሰከንድ የሚሞላልኝ አልነበረም። ሦስተኛው ላይ ከኪሱ ፒክ አወጣ። ግማሽ ያህሉን ዘፈኖች የሚጫወተው በፒክ ነው፤ የመዳፉን ጠርዝ ብሪጁ ላይ አሳርፎ፣ ኖታው ዱብ ብሎ እዚያው ይቀራል፤ እኔ በሁለት ወር በጣቴ ያላገኘሁት ነገር። ይህን ለመልስ 4 ባለቤት በግልጽ ጻፍኩለት፤ ስለ ፒክ ያልኩትንም ይቅርታ ጠይቄ መልሼ ወሰድኩ።

መልስ 23። አራተኛው መጣ። ይቅርታውን አልተቀበለም፣ አልመለሰምም፤ አዲስ ቀረጻ ካለኝ እንዳስቀምጥ ብቻ ጠየቀ። ከዚያው ድራመርና ኪቦርድ ተጫዋች ጋር የተቀዳውን የአራት ደቂቃ ልምምድ አስቀመጥኩ።

መልስ 24። በማግስቱ ጻፈ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከዲ ወደ ጂ ስሻገር ኤ ክር እንደሚጮኽ፣ አውራ ጣቴ እዚያች ቦታ ላይ ወደ ፒክአፑ ተመልሶ እንደሚሸሽ፣ ይህም ሦስቴ እንደተደጋገመ ነገረኝ። የቀረውን ደህና ነው አለ። በጆሮ ማዳመጫ ደግሜ ሰማሁት። ሦስት አይደለም፣ አራት ጊዜ ነው።